ቁራኛ በሸዋ በር

ሰገነት ምን እንደተማረች እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ያውቃሉ፤ ላስረዳ ሲሉ ግን ይጠፋባቸዋል። መጀመሪያ ሕግ ተማረች። ይሄ ቀላል ነው፣ "ልጄ ጠበቃ ልትሆን ነው" ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ቀጥላ ትያትር ተማረች። ይሄኛው ትንሽ አንገት ያስደፋል፣ ቢሆንም "ቴሌቪዥን ላይ ልትወጣ ነው" ተብሎ ታለፈ። ሦስተኛውን ዲግሪ ይዛ ከውጭ ስትመለስ ግን ነገር ተበላሸ። "ሂሳዊ ንድፈ ሐሳብ ነው፣ እማዬ" አለቻቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ የያዙት "ሒሳብ" የሚለውን ብቻ ነው። በማግስቱ የእድሩ ጸሐፊ ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ በር ላይ ተገኘ። "የእግዜር ነገር! ሒሳብ አዋቂ ፍለጋ ስንንከራተት ለካ አንቺ አለሽልን!" አላት።

ሰገነት በሳቅ ሞተች። እንዲህ ናት እሷ፤ ነገር ሲበላሽባት መጀመሪያ የሚመጣባት ሳቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር የምታጠናው ነገር ያን ያህል የሚያስቸግር አልነበረም። የሕግ ተማሪ ሳለች ለልምምድ ፍርድ ቤት ተላከች። ሌሎቹ ተማሪዎች የሚባለውን ሲጽፉ የእሷ ዓይን የተተከለው ሌላ ቦታ ነው። ዳኛው ኮሪደር ላይ "እንደምን አደርሽ" ሲሏት ድምፃቸው ቀጭን፣ ለስለስ ያለ ነው። ካባውን ደርበው ወንበሩ ላይ ሲሰየሙ ግን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ያወጣሉ። ከሳሹ ሽማግሌም ቢሆኑ ስማቸው ሲጠራ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሌላ ሰው ሆነው ነው የሚነሱት። "ታዲያ ይሄ ትያትር አይደለም?" አለችና ትያትር ልትማር ሄደች። ትያትር ስትማር ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነባት፤ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ የወጣውን የክፍል ጓደኛዋን ሰው ሁሉ ለምን እሺ እንደሚለው ስትጠይቅ መምህራኑን አሰለቸች። ሦስተኛው ትምህርት፣ ያ ሒሳብ የተባለው፣ "ይሄን ሥልጣን ማን ሰጠህ? እኛስ ለምን እንታዘዝሃለን?" እያሉ የሚጨቀጭቁበት ነው። ሦስቱን አደባልቃ አንዲት ነገር ይዛ ወጣች። ፍርድ ፍርድ የሚሆነው ስለተጻፈ ብቻ አይደለም፤ ሰው ፊት በወጉ ስለተከወነ ነው። ይችው ናት። ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ወጣትነቷን ፈጀች።

የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ወንበር የለውም። የሕግ ፋኩልቲው "ጎበዝ ናት፣ ግን የእሷ ነገር ትያትር ነው" ይላል። የትያትር ትምህርት ክፍሉ "እናከብራታለን፣ ግን የእሷ ነገር ሕግ ነው" ይላል። እንዲህ እንደ ገና እሩር ከወዲያ ወዲህ ሲለጓት በኮንትራት ቆየች። አሁን ኮንትራቷ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያበቃል። ፕሬዚዳንቱም ቁርጡን ነግረዋታል፤ ከሁለቱ አንዱ "ሰዋችን ናት" ካለ በቋሚነት ትቀጠራለች፣ ሁለቱም ዝም ካሉ በሰላም ትሰናበታለች። ሰገነት ያን ቀን ቢሮዋን ዘግታ አልቅሳለች፤ ይሄን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ማስተማሩን ትወደዋለች። ሌላ ሥራ አይጠፋም ብሎ የሚያጽናናት ሁሉ የሞተባትን ሰው የሚያስረሳት ይመስላት ነበር።

ደግነቱ ሁለቱ ኃላፊዎች ሥራዋን በዓይናቸው ዓይተው ሊወስኑ እናቷ ወዳሉበት ሐረር ድረስ ለመምጣት እሺ አሉ። እሑድ ረፋድ፣ ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር፣ የድሮውን ሙግት በሕዝብ ፊት ታሳያቸዋለች። ለምን አዳራሽ አትከራዪም ቢሏት "ድሮም ሙግት መንገድ ላይ ነበር" ብላ ድርቅ አለች።

የድሮው ወግ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች የተካሰሱ እንደሆነ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠራል። ቁራኛ ይባላል። እንደተቋጠሩ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ዳኛ ከራቀ መንገደኛውን "ፍረደን" ብለው ያቆሙታል፣ እሱም እምቢ ማለት ነውር ነው። ከዚያ "ተጠየቅ!" "ልጠየቅ!" እየተባባሉ፣ እየዘለሉ፣ ግጥም እየደረደሩ ይሟገታሉ። ቋጠሮውን ያለ ዳኛ ትእዛዝ የሚፈታው የለም።

ለዚህ ሁለት ጡረተኞች አዘጋጅታለች፣ ጋሽ ወልደሚካኤልንና ጋሽ አባይነህን። ሁለቱም የአባቶቻቸውን ሙግት እየሰሙ ያደጉ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የጋሽ አባይነህ ፍየል የጋሽ ወልደሚካኤልን ጎመን በላች የሚል ክስ ፈጠረችላቸውና ወሩን ሙሉ ወይዘሮ ብዙነሽ ግቢ ተለማመዱ። ቅዳሜ በመጨረሻው ልምምድ ዳኛ የሆኑት ወይዘሮ ብዙነሽ ምን ነክቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ለጋሽ አባይነህ ፈረዱ።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ወልደሚካኤል ስልክ ደወሉ። "እኔ አልመጣም" አሉ።

"ምነው ጋሼ፣ አመምዎት?"

"እናትሽ በሐሰት ፈረደችብኝ። ያም ሰውዬ ትናንት ማታ በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ስቆብኛል።"

"ጋሼ በማርያም! ፍየሏ እኮ የለችም!"

"የለችም? ታዲያ ጎመኔን ማን በላው?" ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

ጋሽ አባይነህ ዘንድ ብትደውል ደግሞ "ፍየሌን ሌባ ያለ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቀኝ አንድ አደባባይ አልቆምም" አሏት። ሰገነት ስልኳን ይዛ አልጋዋ ላይ ተዘረጋችና እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ እንግዶቹ ትዝ አሏት። ሳቋ ቀጥ አለ፤ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

ሸዋ በር ስትደርስ ሚኒባሱ ይጣራል፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ ቲማቲም ሻጯ ከጫት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ ትቀላለዳለች። ከግንቡ ሥር ነስሮ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው አጠገብ ወንበር ደርድሮ፣ ቦታውን ጠርጎ ይጠብቃታል። ጨዋታ ባለበት ነስሮ አይጠፋም። ፊቷን ሲያይ ገባው።

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ተጣሉ።"

"አብሽሪ አቦ! ሰው ያጣ አገር ነው እንዴ? አላህ ያመጣል" አላትና መኪናውን መዘወር ቀጠለ።

ያመጣው ሁለቱን እንግዶች ነው። ዶክተር ሀብተወልድ የሕግ ፋኩልቲው ዲን ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ድሮ ጠበቃ ሳሉ ድምፃቸው ከሦስተኛ ፎቅ ታች ይሰማ ነበር የሚባልላቸው ሰው። ዶክተር ወይንሸት የትያትር ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ አጠር ደልደል ያሉ፣ "እንደምን አደራችሁ" ሲሉ እንኳ እጃቸው የሚናገር። ሁለቱም ከቅዳሴ መምጣታቸው ስለሆነ ነጠላ ለብሰዋል። ሰገነት ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው።

"በምን ተጣሉ?" አሉ ዶክተር ሀብተወልድ።

"በፍየል።"

"ፍየሏ የማን ናት?"

"የማንም አይደለችም። የለችም።"

ዶክተር ወይንሸት ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑ። ዶክተር ሀብተወልድ ግን ሰዓታቸውን አዩ። "ይኸው! እኔ የምለው ይሄንኑ ነው" አሉ። "ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ ፍርድ ፍርድ ነው። ጨዋታ ማንንም አያስርም። ልጄ፣ ችሎታሽን አልጠላሁም፤ ግን ነገርሽ ወደ ዶክተር ወይንሸት ነው።"

"ወደኔ ደሞ በምን በኩል?" አሉ ዶክተር ወይንሸት። "ባለፈው ያቀረበችውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ ገጹ ሁሉ አንቀጽ ነው። ተማሪዎቼ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወደርስዎ ነው እንጂ!"

"ወደርስዎ!"

"ኧረ ወደርስዎ!"

ሰገነት መሃል ቆማለች። አንዳቸው ሲናገሩ ወደዚያ፣ ሌላቸው ሲመልሱ ወደዚህ ትዞራለች። ያኔ ነው ሐሳቡ ብልጭ ያለላት። ደፋርነት ነው፣ ምናልባትም ዕብደት። ግን ምን ቀራት?

"እንግዲያው ተሟገቱ!" አለች። "ሽማግሌዎቹ ከቀሩ እናንተ ተሟገቱልኝ። ክሱም አለ፤ ሰገነት የማን ናት?"

ዶክተር ወይንሸት መድረክ ተሰጥቷቸው እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ወዲያው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዶክተር ሀብተወልድ "እኔ? መንገድ ላይ? የተከበርኩ ሰው?" እያሉ ወደኋላ አፈገፈጉ።

"ተዪያቸው" አሉ ዶክተር ወይንሸት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ጥብቅና ካቆሙ ስንት ጊዜያቸው! አፋቸው ዝጎ ይሆናል፣ ሰው ፊት አታስጨንቂያቸው።"

አይ ዶክተር ወይንሸት! የሰውየውን የቱን ጅማት መንካት እንዳለባቸው ያውቁታል። ዶክተር ሀብተወልድ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና "ቋጥሩኝ!" አሉ። ነስሮ ዘሎ ተነሣ፤ ሁለቱን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይዞ በልብስ ሰፊ እጁ አጥብቆ ቋጠረው። "ወላሂ ይሄን ጥርስም አይፈታው" አለ። ሰዉ ሥራውን ትቶ ከበበ። ቲማቲም ሻጯ ዘንቢሏን ተሸክማ ከፊት ተቀመጠች።

"ተጠየቂ!" ብለው ጮኹ ዶክተር ሀብተወልድ። ከግንቡ ላይ እርግብ ተነሣ።

"ልጠየቅ!" አሉ ዶክተር ወይንሸት ወገባቸውን ይዘው።

ሰውየው አንድ ጊዜ ተንጎራደዱ። ወይንሸትም ቋጠሮው እየጎተታቸው አብረው ተንጎራደዱ። ከዚያ፣ ሰገነት በጆሮዋ ባትሰማ አታምንም፣ ግጥሙ ወረደላቸው።

"ሕግ ብዬ አስተማርኳት አንቀጽ አስቆጥሬ፣
እሷ ዳኛ ስታይ ትስቃለች ዛሬ፤
ካባውን ካየችው እንደ ትያትር ልብስ፣
ውሰጃት ወደዚያ፣ መድረክሽ ላይ ትንገሥ!"

"ወይኔ!" አለ ሰዉ። "በላት! በላት!" ዶክተር ወይንሸት ግን ቀላል ሴት አይደሉም። በቋጠሮው ሳብ አድርገው ሰውየውን ወደራሳቸው አዞሯቸውና መለሱላቸው።

"መድረክ ላይ አውጥቼ 'አልቅሺ' ብላት፣
ማስረጃ ጠየቀች እንባ ሲመጣባት፤
አንቀጽ ሳትጠቅስ ሳቅ የማይመጣላት፣
የሕግ ልጅ ካልሆነች የማን ልጅ ልበላት?"

እልልታው ቀለጠ። ያቀለጠችው ደግሞ ማን ብትሉ፣ ራሷ ሰገነት ናት! ሥራዋን የሚያሳጣትን ነገር ሰምታ እልል ትላለች። ምን ታድርግ፤ ዕድሜዋን ሙሉ በመጽሐፍ ስትፈልገው የኖረችው ነገር ሸዋ በር ላይ፣ በዲንና በክፍል ኃላፊ እግር ቆሞ ሲሄድ እያየች ነው። ደስታው እስከ ጫማዋ ወረደ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልቧን አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሚሟገቱት አንፈልጋትም ለመባባል ነው። የሚያሸንፈው እሷን የገፋት ነው።

"ዳኛ! ዳኛ የታለ?" አለ ሰዉ። ዳኛ ለካ ተረስቷል! ነስሮን ቢሉት "እኔ ሁለቱንም ወደድኳቸው፣ አልፈርድም አቦ" አለ። ዶክተር ሀብተወልድ ላባቸውን ጠረጉ። ሙግቱ ደማቸውን አሙቆታል፤ አሁን ዘራፍ ማለት ነው የቀራቸው።

"ይሄን ነገር መንገደኛ አይፈርደውም!" አሉ። "ይሄ ዙፋን ችሎት የሚቀርብ ነው! ዘውድ የጫነ ሰው ካልመጣ አልረታም!" ዙፋን ችሎት ማለት ድሮ ነገር አላልቅ ሲል ንጉሡ ራሳቸው ተቀምጠው የሚያዩት ነው። ዘውድ ደግሞ በዚህ ዘመን ከየት ይመጣል? እሳቸውም ያሉት ይሄንኑ አስበው ነው።

ጥሩንባ ተነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ያለማቋረጥ። ሕዝቡ መንገዱን ዘግቶት ኖሮ በአበባ ያጌጠ መኪና መሃል ላይ ቆሟል። ከኋላው ሚዜ የጫነ ሚኒባስ አለ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያዩት ሁሉ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን በተክሊል መውጣታቸው ነው፤ ካባቸውን ገና አላወለቁም፣ አክሊላቸውም ራሳቸው ላይ ነው።

ነስሮ እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ያ አላህ! ዘውድ አሉ አይደል? ይኸው፣ ባንድ ጊዜ ሁለት!"

ሸዋ በር በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ሀብተወልድ ዘውዱን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ። ቃላቸውን ሊያጥፉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ገፍቶ ገፍቶ መኪናው መስኮት ላይ አደረሳቸው። ሰገነት እየተጋፋች ቀድማ ደርሳ ነገሩን ለሙሽሮቹ አስረዳች፦ ወጉን፣ ቁራኛውን፣ ክሱን። ሙሽራው ባርኮት ላቡ በአክሊሉ ሥር እየወረደ "እኔ ከዛሬ ጀምሮ ፍርድ የለኝም" አለ። "የምትፈርደው እሷ ናት።"

ሙሽራዋ ልደት ከጎኗ ያለውን መስኮት አወረደች። ቆንጆ ናት፣ ግን ከሌሊት ጀምሮ ቆማለች፣ ርቧታል፣ ጫማው ይዟታል። ሁለቱን ዶክተሮች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

"ተከራካሪዎቹ እናንተ ናችሁ?"

"አዎን፣ ንግሥት ሆይ!" አሉ ዶክተር ወይንሸት እጅ ነሥተው።

"አሁን አልፈርድም፤ ምሳ አልበላሁም። አዳራሽ ተከተሉኝ። እስክፈርድ ድረስ እንደተቋጠራችሁ ትቆያላችሁ።"

"ሆ!" አለ ሕዝቡ። ሚዜዎቹ ወርደው ሁለቱን ተከራካሪዎች እንደ ሠርገኛ አንስተው ሚኒባሱ ውስጥ አስገቧቸው። ሰገነት በሩ ከመዘጋቱ በፊት ዘላ ገባች። የዶክተር ሀብተወልድን ኮት ነስሮ በመስኮት ወረወረላት።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ማን ይናገረው! ቁራኛ ስለሆኑ አብረው ተቀመጡ፣ አብረው ተነሡ። ዶክተር ወይንሸት ጥሬ ሥጋ ሊቆርጡ ሲሄዱ ዶክተር ሀብተወልድ እየተጎተቱ ተከተሉ። ዶክተር ሀብተወልድ ሚጥሚጣ ሲጨምሩ የዶክተር ወይንሸት ክንድ አብሮ ተነሣ። ጭፈራው ሲመጣ የሙሽራው አክስት "እነዚህስ?" ብላ መሃል አስገባቻቸው። የሕግ ፋኩልቲው ዲን እስክስታ ወረዱ! መጀመሪያ በንዴት፣ ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ገባበት፤ ትከሻቸው ላይ የነበረው የዲንነት ወንበር የወረደ መሰለ። ጠጁ ቀረበ፣ ጠጡ። ደገሙት። ሰገነት ከጥግ ቆማ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ሙሽራዋን በሥጋት ታያለች። ሙሽራዋ መቼ ነው የምትፈርደው? ምን ብላስ?

ጠጅ ደግሞ ጠጅ ነው፣ ገብቶ አይቀርም። ዶክተር ሀብተወልድ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። እግራቸውን አነባበሩ፣ ፈቱ፣ እንደገና አነባበሩ። ወደ ዶክተር ወይንሸት ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ።

"ታዲያ ምን ቸገረዎት?" አሉ ዶክተር ወይንሸት። "ፈትተውት አይሄዱም? ቋጠሮ እኮ ነው።"

ዶክተር ሀብተወልድ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ቁጣ ነበር። "ዳኛ ሳያዝ? ምን ማለትዎ ነው፣ ዳኛ ሳያዝ እንዴት ተደርጎ ይፈታል!"

ሰገነት አጠገባቸው ቆማ ሰማቻቸው። ሰውየው አልቀለዱም። መቀለድ የሚችሉበት ሁኔታ ላይም አይደሉም። ፊኛቸው ሊፈነዳ ደርሶ፣ አንድ ጣት ያህል ነጠላ በእጃቸው ይዘው፣ አይፈታም ይላሉ። ጨዋታ ማንንም አያስርም ያሉት ሰውዬ! "ዶክተር" አለች ጎንበስ ብላ፣ "አሁን ምን እንዳሉ ሰምተውታል?"

"ሰምቼዋለሁ!" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። "አሁን የሙያ ክርክር አታምጪብኝ፣ በመድኃኔ ዓለም!" ብለው ተነሡ። ወይንሸትን እየጎተቱ ወደ ሙሽሮቹ መድረክ ተንደረደሩና ከደረጃው ሥር እጅ ነሡ። "አቤት! ንግሥት ሆይ፣ አቤት!"

ሙዚቃው ቆመ። "ለጥቂት ጊዜ እንድፈታ እለምናለሁ" አሉ። "አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞኛል።"

አዳራሹ ጉዳዩን ከእግራቸው አኳኋን ተረዳው። ልደት ሳቋን ለመዋጥ አክሊሏን በሁለት እጇ ያዘች። "ሄደው ቢቀሩስ?" አለች።

"ዋስ ይጥራ!" ብሎ ጮኸ አንዱ ሚዜ።

"ዋስ! ዋስ!" አለ አዳራሹ ሁሉ።

"ዋስ ይጥሩ" አለች ልደት። "እስኪመለሱ ስለርስዎ ተቋጥሮ የሚቆም ሰው።"

ዶክተር ሀብተወልድ ዞር ዞር ብለው አዩ። ሐረር አገራቸው አይደለም። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚያውቁት አንድ የለም። አንዲት ብቻ አለች፤ ኮታቸውን ታቅፋ ቆማለች። አፋቸው ሊናገር አቅማማ። እግራቸው ግን ጊዜ አልሰጣቸውም።

"ዋሴ ሰገነት ናት!" አሉ ጮክ ብለው። "ስለኔ ትቁም!"

ሰገነት ኮቱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደፊት መጣች። ስንት ዓመት በራቸው ላይ ቆማ ስሟን እንዲጠሩት የጠበቀቻቸው ሰው ነበሩ። "ቆሜያለሁ" አለች። ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። ልደት ራሷ ወርዳ ቋጠሮውን ፈታች። ዶክተር ሀብተወልድ የት እንደገቡ ማንም አላያቸውም፣ እንደዚያ ሮጡ። በነጠላቸው ቦታ የሰገነት ነጠላ ከዶክተር ወይንሸት ጋር ተቋጠረ።

"እንግዲህ አሁን ሕግ አንቺ ነሽ" አሏት ዶክተር ወይንሸት ዓይናቸው እየሳቀ። ወዲያው ከበሮው ተመታ። ተጨፈረ። ሰገነት በሕይወቷ እንዲህ ጨፍራ አታውቅም፤ ፀጉሯ ተፈታ፣ ጫማዋ ወለቀ፣ የሙሽራው አክስት ግንባሯ ላይ ብር ለጠፈችባት። ዶክተር ወይንሸት በጆሮዋ "ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ መቻልሽን ደብቀሽ አንቀጽ ታስነብቢኛለሽ?" ሲሏት ከሳቋ የተነሣ መመለስ አልቻለችም።

ዶክተር ሀብተወልድ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ፣ ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ። ልደት ከመድረኩ ላይ አየቻቸውና እጇን አነሣች። ከበሮው ዝም አለ።

"ተመለሱ? በሉ ይምጡና ቦታዎን ይያዙ፤ ልፈርድ ነው።"

ሰውየው አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ቋጠሮውን አዩት። ከወዲያ ጫፍ ወይንሸትን፣ ከወዲህ ጫፍ ባዶ እግሯን የቆመችውን፣ ላብ ያጠመቃትን፣ ትንፋሿ የሚቆራረጠውን ሰገነትን አዩ። ጠበቃ ናቸው፤ ያሉትን ያውቃሉ፣ በስንት ምስክር ፊት እንዳሉትም ያውቃሉ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው አጣፉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ንግሥት ሆይ፣ ፍርዱ ይቅርብን። ተረትቻለሁ" አሉ። "ቦታዬማ ተይዟል። የያዘችውም ሰዋችን ናት።"

"የኛም ናት!" ብለው ጮኹ ዶክተር ወይንሸት ቋጠሮውን ወደ ላይ አንስተው። "ከኔ ጋር የተቋጠረችውን ማን አባቱ ይነጥቀኛል!"

ሰገነትን ሳቅ ጣላት። ወለሉ ላይ ቁጭ ስትል የትያትር ክፍሉን ኃላፊ አብራ ጎተተቻቸው።